የኒው ዮርክ ኮስሞስ ጉዳይ፦ ምርጦቹ እነማን ነበሩ? ክለቡስ ለምን ፈረሰ?

ኦገስት 14 ቀን 1977 በኒው ጀርሲ ግዛት ኢስት ራዘርፎርድ በሚገኘው ጃይንትስ ስታዲየም 77,691 ሰው ተሰብስቦ ኒው ዮርክ ኮስሞስ ፎርት ላውደርዴል ስትራይከርስን በጥሎ ማለፍ ጨዋታ 8 ለ 3 ሲያሸንፍ ተመለከተ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተሸናፊው ስትራይከርስ በዚያ ዓመት የእንግሊዙን ዝነኛ ግብ ጠባቂ ጎርደን ባንክስን የያዘ ቡድን እንጂ ተራ ቡድን አልነበረም። ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ጁን 16 ቀን 1985፣ ያው ኮስሞስ በዚያው ሜዳ ከጣሊያኑ ላዚዮ ጋር የመጨረሻውን ጨዋታ አድርጎ 2 ለ 1 ሲሸነፍ ስታዲየሙ ውስጥ ዘጠኝ ሺህ ሰው እንኳ አልነበረም።

ስለ ክለቡ የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ያስረዳል፤ ፔሌ መጣ፣ ሕዝቡ ተከተለው፤ ፔሌ ሄደ፣ ሕዝቡም አብሮት ሄደ ይባላል። የተመልካች መዝገቡ ግን እንዲህ አይልም። ፔሌ ጫማውን በሰቀለበት በ1977 የኮስሞስን የሜዳ ጨዋታዎች በአማካይ 34,142 ሰው ተመልክቷል። እሱ በሌለበት በ1978 አማካዩ ወደ 47,856 አደገ፤ በ1979 46,690፣ በ1980 ደግሞ 42,754 ነበር። ስለዚህ የመፍረሱን ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። አንድን ተጫዋች በሁለት መንገድ መመዘን ይቻላል፤ ከመምጣቱ በፊት ባፈራው ስም፣ ወይም ከመጣ በኋላ በሠራው ሥራ። ክለቡን ከላይ ሆነው የመሩት ሰዎች በብዛት የያዙት የመጀመሪያውን ሚዛን ሲሆን፣ ዋንጫዎቹን ያስገኙት ግን በሁለተኛው የሚመዘኑት ናቸው። የምርጥ ተጫዋቾቹ ነገርና የክለቡ መፍረስ በአንድ ላይ የሚጠኑትም ከዚህ የተነሣ ነው።

ኮስሞስ የተመሠረተው በ1970 መጨረሻ ሲሆን በሰሜን አሜሪካ እግር ኳስ ሊግ መጫወት የጀመረው በ1971 ነው። ሐሳቡን ያመጡት አትላንቲክ ሪከርድስ የተባለውን የሙዚቃ ኩባንያ የሚመሩት ቱርካውያኑ ወንድማማቾች አህመትና ነሱሂ ኤርቴጉን ናቸው፤ ሐሳቡን የተቀበሏቸው ደግሞ ኋላ ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ ተብሎ የተጠራው የመዝናኛ ኩባንያ ሊቀ መንበር ስቲቭ ሮስ ነበሩ። ሮስ በመጀመሪያ ስለ እግር ኳስ ይህ ነው የሚባል ዕውቀት አልነበራቸውም፤ ውሎ አድሮ ግን ከማንም የበለጠ አፍቃሪ ሆኑ። የዕለት ተዕለቱን ሥራ እንዲመሩ የተሾሙት ቀድሞ የስፖርት ጋዜጠኛ የነበሩት እንግሊዛዊው ክላይቭ ቶይ ሲሆኑ፣ አሰልጣኙ ሌላው እንግሊዛዊ ጎርደን ብራድሊ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ክለቡ ገና ከጅምሩ የደጋፊ ማኅበር ወይም የሠፈር ቡድን ሳይሆን ፊልምና ሙዚቃ ከሚሸጥ ኩባንያ ጎን የበቀለ ድርጅት መሆኑ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመንከራተት ዓመታት ነበሩ። በ1971 በያንኪ ስታዲየም፣ በ1972 እና በ1973 በሎንግ አይላንድ በሚገኘው የሆፍስትራ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ፣ ቀጥሎም በራንዳልስ ደሴት ላይ ባለው ዳውኒንግ ስታዲየም ተጫወቱ። የሚገርመው፣ የመጀመሪያው ዋንጫ የመጣው በዚህ የድህነት ዘመን መሆኑ ነው። በ1972 በሆፍስትራ በተካሄደው የፍጻሜ ጨዋታ ሴንት ሉዊስ ስታርስን 2 ለ 1 ሲረቱ አንዷን ግብ ቁመተ ረጅሙ የቤርሙዳ ሰው ራንዲ ሆርተን፣ ሌላዋን በፍጹም ቅጣት ምት ዮሴፍ ዬሊኔክ አስቆጠሩ። ዬሊኔክ በ1962ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ለቼኮዝሎቫኪያ የተሰለፈ ክንፍ ተጫዋች ነበር። ሆርተን የዚያ ዓመት የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሀገሩ ፖለቲካ ገብቶ የቤርሙዳ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ እስከ መሆን ደረሰ። ዛሬ ስለ ኮስሞስ ምርጦች ሲነሣ ሆርተንን የሚጠቅስ እምብዛም የለም። ነገር ግን በአንድ ጨዋታ አራትና አምስት ሺህ ሰው ብቻ በሚገባበት ዘመን ክለቡን ለዋንጫ ያበቃው አጥቂ እሱ ነው። በ1974 አማካዩ ጭራሹን ወደ 3,578 ወርዶ ነበር።

ፔሌ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በ1974 ከሳንቶስ ተሰናብቶ ነበር፤ ቶይ ግን ለዓመታት ሳይሰለቹ ተከታትለው በመጨረሻ አሳመኑት። ወደ ስፔን ወይም ወደ ጣሊያን ብትሄድ የምታገኘው አንድ የሊግ ዋንጫ ነው፤ ወደ እኛ ብትመጣ ግን አንድ ሀገር ታሸንፋለህ የሚለው የቶይ መከራከሪያ በስፋት ይታወቃል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኪሲንጀርም የብራዚል መንግሥት ቅር እንዳይለው መልእክት እንደላኩ ይነገራል። ውሉ ጁን 10 ቀን 1975 ተፈረመ። የክፍያው መጠን እንደ ዘጋቢው ከ2.8 እስከ 7 ሚሊዮን ዶላር ይለያያል፤ ልዩነቱ የሚመጣውም ገንዘቡ ለመጫወት ብቻ ሳይሆን በስሙና በምስሉ ለመጠቀም የሚከፈለውንም ስለሚጨምር ነው። ከአምስት ቀን በኋላ በዳውኒንግ ስታዲየም ከዳላስ ቶርኔዶ ጋር ተሰለፈ። ሜዳው ሣሩ ተመላልጦ ነበርና ጨዋታው በቴሌቪዥን ስለሚተላለፍ ባዶውን አፈር አረንጓዴ ቀለም ረጩበት። ፔሌ ከጨዋታው በኋላ እግሮቹ አረንጓዴ ሆነው ቢያያቸው የቆዳ በሽታ የያዘው መስሎት ደነገጠ የሚለው ታሪክ እስካሁን ይነገራል። ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ፤ አንዷን ግብ እሱ አገባ፣ ለሌላዋም ኳሱን አቀበለ።

ፔሌ በኮስሞስ ቤት የቆየው ከ1975 አጋማሽ እስከ 1977 ድረስ ሲሆን የጥሎ ማለፉን ጨምሮ በ64 የሊግ ጨዋታዎች 37 ግቦችን አስቆጥሯል። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶት ለመጣና በየሜዳው ሁለትና ሦስት ተከላካይ ለሚከበው ሰው ይህ የሚናቅ አይደለም። በ1976 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ይሁን እንጂ በ1975ና በ1976 ኮስሞስ ዋንጫ አላነሣም። ፔሌ ያመጣው ሕዝብ እንጂ ወዲያው ዋንጫ አልነበረም፤ ለዋንጫው ከጎኑ ሌላ ዓይነት ሰው ያስፈልግ ነበር።

ያ ሰው በ1976 ከላዚዮ የመጣው ጆርጂዮ ኪናሊያ ነው። በጣሊያን ካራራ ተወልዶ በዌልስ ካርዲፍ ያደገው ኪናሊያ፣ የስዋንሲ ቡድን የማይረባ ብሎ ከተወው በኋላ በላዚዮ የ1974ቱን የጣሊያን ሻምፒዮንነት ያስገኘ አጥቂ ነበር። ፔሌ ጡረታ ወጥቶ ነው የመጣው፤ ኪናሊያ ግን ገና በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ጉልበቱ ሳይከዳው መጣ። ኳስ ይዞ አይጨፍርም፤ ሩጫውም ሆነ አብዶው የሚያስደንቅ አልነበረም። ሳጥን ውስጥ ቆሞ፣ ጀርባውን ለተከላካዩ ሰጥቶ፣ ኳስ በደረሰው ቅጽበት ዞሮ ይመታል፤ በቃ። ፔሌ የምትመታው አስቸጋሪ ከሆነ ቦታ ነው ብሎ ሲወቅሰው፣ ኪናሊያም እኔ ከየትም ብመታ አገባለሁ ብሎ እንደመለሰ ይነገራል። መዝገቡ ለኪናሊያ ይመሰክራል። ከ1976 እስከ 1983 በመደበኛው ውድድር በ213 ጨዋታዎች 193 ግቦችን አገባ፤ በጥሎ ማለፉ ደግሞ በ41 ጨዋታዎች 49። በሊጉ ታሪክ ከዚህ ቁጥር አጠገብ የደረሰ የለም።

በ1978 በ30 ጨዋታዎች 34 ግቦች ነበሩት። ከዚያ ሁሉ የሚበልጠው ግን 1980 ነው። በመደበኛው ውድድር 32 ግቦችን አስቆጥሮ ወደ ጥሎ ማለፉ ሲገባ፣ በሰባት ጨዋታ ብቻ 18 ግቦችን ጨመረ። ከእነዚህም ሰባቱን ያገባው በአንድ ቀን፣ ቱልሳ ራፍኔክስ 8 ለ 1 በተሸነፈበት ጨዋታ ነው። እንዲህም ሆኖ የ1980 የኮከብነት ሽልማት ለሲያትሉ ሮጀር ዴቪስ ተሰጠ፤ ኪናሊያ ያገኘው በቀጣዩ ዓመት ነው። የጃይንትስ ስታዲየም ተመልካችም ጎሉን እያየ ሳይቀር ያፏጭበት ነበር። ምክንያቱ ከሜዳ ውጭ ነው። ኪናሊያ የስቲቭ ሮስ የቅርብ ወዳጅ በመሆኑ በአሰልጣኝ ሹመትና ሽረት እጁ እንዳለበት ሁሉም ያውቅ ነበር። አሰልጣኙ ኬን ፈርፊ በ1976 አጋማሽ ተሰናበተ፤ በቦታው የተመለሰው ብራድሊ በ1977 አጋማሽ ከአሰልጣኝነት ተነሣ፤ ቶይም በዚያው ዓመት ለቀቁ። በብራድሊ ቦታ የተተካው ከታምፓ ቤይ ራውዲስ የመጣው ኤዲ ፊርማኒ ሁለት ዋንጫ አስገኝቶ ሲያበቃ በ1979 እሱም ተባረረ። ፔሌን ያመጣው ሰው ፔሌ ጫማውን ከመስቀሉ በፊት ከክለቡ መውጣቱ፣ ኮስሞስ በምን ዓይነት እጅ ይመራ እንደነበር ከብዙ ትንታኔ በላይ ያሳያል።

የ1977ቱ ቡድን በስምም በሥራም የተሟላው የመጀመሪያው ቡድን ነበር። ፍራንዝ ቤከንባወር ከባየርን ሙኒክ በሠላሳ አንድ ዓመቱ መጣ፤ በዓመቱ አጋማሽ ደግሞ የ1970ው የብራዚል አምበል ካርሎስ አልቤርቶ ተጨመረ። ሁለቱም በጀርባ መስመር ነጻ ሆነው ከኋላ የሚያቀናጁ ተጫዋቾች ስለነበሩ፣ ካርሎስ አልቤርቶ ቦታውን ሲይዝ ቤከንባወር ወደ አማካይ ወጣ። የሊጉ ኮከብም እሱ ሆነ። ግብ ጠባቂው በሃርቫርድ የተማረውና በ1972ቱ ኦሊምፒክ ለአሜሪካ የተሰለፈው ሼፕ ሜሲንግ ሲሆን፣ በመሀል ተከላካይነት ከ1972 ጀምሮ ያልተለየው ወርነር ሮት ነበር። ሮት በዩጎዝላቪያ ተወልዶ በኒው ዮርክ ያደገ ሲሆን፣ ከሆፍስትራ እስከ ጃይንትስ ስታዲየም ያለውን ጉዞ በሙሉ በሜዳ ላይ ያየ ሰው ነው።

የፍጻሜው ጨዋታ በፖርትላንድ ኦገስት 28 ቀን ከሲያትል ሳውንደርስ ጋር ተደረገ። ያን ቀን የወሰነው ግን ከኮከቦቹ አንዱ አልነበረም፤ ከአስቶን ቪላ የመጣው የሃያ አንድ ዓመቱ ስቲቭ ሀንት ነበር። የሲያትሉ ግብ ጠባቂ ቶኒ ቸርስኪ ኳሱን ያዘ፤ ሀንት ከበስተኋላው መኖሩን ሳይጠረጥር ራሱ ሊመታው መሬት ላይ አንከባለለው። ሀንት ዘሎ ቀማውና ወደ ባዶው ግብ ገፋው። ሲያትል በቶሚ ኦርድ አማካይነት አቻ ሆነ። በሁለተኛው አጋማሽ ሀንት ከክንፍ ያሻገረውን ኳስ ኪናሊያ በግንባሩ ገጭቶ 2 ለ 1 አደረገው። ፔሌ በሊግ የተጫወተው የመጨረሻ ጨዋታ ይህ ነው፤ ዋንጫ ይዞ ወጣ። ከዚያ ኦክቶበር 1 በዝናብ ውስጥ በተካሄደው የመሰናበቻ ጨዋታ አንዱን አጋማሽ ለኮስሞስ፣ ሌላውን ለሳንቶስ ተሰለፈ፤ ለኮስሞስ ሲጫወት በቅጣት ምት አገባ፤ ጨዋታውም 2 ለ 1 በኮስሞስ አሸናፊነት አለቀ።

በዚያ የ1977 ቡድን ውስጥ ለአጭር ጊዜ የተጫወተ ደቡብ አፍሪካዊም ነበር፤ ጆሞ ሶኖ። በኮስሞስ ጎልቶ ባይወጣም በ1983 በጆሃንስበርግ ሃይላንድስ ፓርክ የተባለውን ክለብ ገዝቶ ጆሞ ኮስሞስ ብሎ ሰየመው። ከእሱ በፊት በዚሁ ሊግ ለአትላንታ ቺፍስ የተጫወተው ካይዘር ሞታውንግም እንዲሁ ካይዘር ቺፍስን መሥርቷል። የአሜሪካው ሊግ በተወለደበት ሀገር ያልቆመለት ስም ደቡብ አፍሪካ ላይ ቆሞለታል።

ስለ ምርጦቹ በሚነሣው ክርክር እጅግ የሚበደለው ሰው፣ በእኔ ግምት፣ በ1978 ከቤልግሬዱ ቀይ ኮከብ የመጣው ቭላዲስላቭ ቦጊቼቪች ነው። አማካዩ ቦጊቼቪች ሲሮጥ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው፤ መከላከል የሚባል ነገር አይወድም፤ አሰልጣኞቹንም ያስመርር ነበር። ኳስ ሲይዝ ግን ኪናሊያ የት እንዳለ ቀና ብሎ ማየት አያስፈልገውም። በሊጉ ታሪክ ለግብ የሚሆን ኳስ በማቀበል አንደኛ ነው፤ 147 ጊዜ አቀብሏል። ኪናሊያ ካገባቸው ብዙዎቹ ከእሱ እግር የተነሡ ናቸው። ከ1978 እስከ 1984 ድረስ በየዓመቱ ተሰልፎ ሦስት ዋንጫ አንሥቷል። ከመምጣቱ በፊት በነበረው ስም ቢመዘን በአሜሪካ የሚያውቀው አልነበረም፤ በዚያው ምክንያት ይሆናል፣ ፎቶግራፉ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብዙም አልታየም።

1978 የክለቡ ከፍታ ነው። በመደበኛው ውድድር ከ30 ጨዋታ 24ቱን አሸንፈው፣ 88 ግቦችን አስቆጥረው፣ የፍጻሜውን ጨዋታ በገዛ ሜዳቸው 74,901 ሰው ፊት ታምፓ ቤይ ራውዲስን 3 ለ 1 አሸንፈው አጠናቀቁ። ከማንቸስተር ሲቲ የመጣው ዴኒስ ቱዋርት ሁለት፣ ኪናሊያ አንድ አገቡ። በ1979 ዮሃን ኒስኬንስ ከባርሴሎና፣ አንድራኒክ ኤስካንዳሪያን ከኢራን ተጨመሩ፤ ኤስካንዳሪያን በ1978ቱ የዓለም ዋንጫ በስኮትላንድ ጨዋታ በራሱ ግብ ላይ በማስቆጠሩ ቢታወቅም፣ በኮስሞስ ግን እስከ 1984 ድረስ አስተማማኝ ተከላካይ ነበር። በ1979 ግን በግማሽ ፍጻሜው በቫንኩቨር ዋይትካፕስ ተሸነፉ። የመጀመሪያውን ጨዋታ 2 ለ 0 ተረትተው፣ ሁለተኛውን በሜዳቸው ከ2 ለ 2 በኋላ በመለያ ምት አሸንፈው፣ ወዲያው በተደረገው የሠላሳ ደቂቃ መለያ ጨዋታም ግብ ሳይቆጠር ቀርቶ፣ በመጨረሻው መለያ ምት ወደቁ። የሊጉ መለያ ምት የራሱ ሕግ ነበረው፤ ተጫዋቹ ከግቡ 35 ያርድ ርቀት ላይ ኳሱን ይዞ ተነሥቶ ግብ ጠባቂውን ፊት ለፊት በአምስት ሰከንድ ውስጥ መሞከር ነበረበት።

በ1980 በጀርመናዊው ሄነስ ቫይስቫይለር አሰልጣኝነት ስትራይከርስን በዋሽንግተን 3 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን መለሱ፤ ኪናሊያ ሁለት፣ ወጣቱ የፓራጓይ አማካይ ሁሊዮ ሴሳር ሮሜሮ አንድ አስቆጠሩ። በ1981 በቶሮንቶ በቺካጎ ስቲንግ በመለያ ምት ተሸንፈው፣ በ1982 በሳን ዲዬጎ ሲያትልን በኪናሊያ ግብ 1 ለ 0 ረትተው አምስተኛውንና የመጨረሻውን ዋንጫ አነሡ። ሮሜሮና የሀገሩ ልጅ ሮቤርቶ ካባኛስ ወደ ኮስሞስ የመጡት ገና ወጣት ሆነው ነው። ካባኛስ በ1983 በ25 ግቦች የሊጉን ግብ አግቢነትም ኮከብነትም ወሰደ፤ ሮሜሮ ከክለቡ ከወጣ በኋላ በ1985 የደቡብ አሜሪካ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ክለቡ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናቸውን ዝነኞች ከመግዛት ይልቅ እንዲህ ዓይነት ወጣቶችን ቀደም ብሎ ማምጣት ቢያዘወትር ኖሮ ወጪው የተለየ ይሆን ነበር ብሎ መገመት ከባድ አይደለም።

የሒሳቡ ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። በ1978 ሊጉ ከ18 ወደ 24 ክለቦች አደገ፤ አዲስ ገቢዎቹ ሁሉ ኮስሞስን መሆን ፈለጉ። ኮስሞስ ግን ከበስተጀርባው ዋርነር ነበረው፤ ኪሳራው በፊልምና በሙዚቃ ትርፍ ይሸፈናል። የሌሎቹ ባለቤቶች ኪሳራ የራሳቸው ኪሳራ ነው። ኤቢሲ ቴሌቪዥን በ1979 ጨዋታዎችን ማስተላለፍ ቢጀምርም የተመልካቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ከ1980 በኋላ መደበኛ ስርጭቱን አቆመ፤ ቋሚ የቴሌቪዥን ገቢ የሌለው ሊግ ደግሞ ከስታዲየም ትኬት በሚገኝ ገንዘብ የአውሮፓ ደመወዝ መክፈል አይችልም። ክለቦቹ በ1980 ከነበሩበት 24 በ1982 ወደ 14፣ በ1983 ወደ 12፣ በ1984 ወደ 9 ወረዱ። ኮስሞስ ቢያሸንፍም የሚያሸንፈው ሰው እያጣ ሄደ፤ ተመልካቹም ይህን አይቶ ቀረ። በ1981 34,835 የነበረው አማካይ በ1983 27,242 ሆነ፤ በ1984 12,817።

ሊጉ በየጨዋታው የተወሰኑ ሰሜን አሜሪካውያን እንዲሰለፉ ያስገድድ ስለነበር ሪኪ ዴቪስንና የ1980ውን ምርጥ አዲስ ተጫዋች ጄፍ ደርገንን የመሳሰሉ የሀገር ልጆች በኮስሞስ አድገዋል። ዴቪስ የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን አምበል ለመሆን በቅቷል። ደጋፊው ግን ስታዲየም የሚሄደው እነሱን ለማየት ተብሎ አልነበረም፤ ክለቡም እንዲህ ብሎ ለመሸጥ የሞከረበት ጊዜ ጥቂት ነው። ኮከብ ሲሄድ በሌላ ኮከብ ይተካ ነበር፤ ቤከንባወርም በ1983 እንደገና ተመልሶ አንድ ዓመት ተጫውቷል። ያን ጊዜ ግን ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ወሳኙ ምት የመጣው ከሜዳ ውጭ ነው። በ1983 የዋርነር ንብረት የሆነው የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ አታሪ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሠረ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ፊፋ ኮሎምቢያ የተወችውን የ1986 የዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ሳይሆን ለሜክሲኮ ሰጠ፤ ዋርነርና ሮስ ተስፋ ያደረጉበት ዝግጅት እንዲህ አመለጠ። ወዲያውም የአውስትራሊያው የጋዜጣ ባለሀብት ሩፐርት መርዶክ የዋርነርን አክሲዮን እየሰበሰበ ኩባንያውን ሊጠቀልል ተነሣ። ሮስ ትርፍ የማያመጣውን ሁሉ መሸጥ ነበረባቸው። በ1984 የኮስሞስ አብላጫ ድርሻ ወደ ኪናሊያና ግብረ አበሮቹ ተላለፈ። ኪናሊያ ያኔ የላዚዮ ሊቀ መንበርም ነበር፤ ሁለቱም ክለቦች ገንዘብ ይፈልጋሉ፣ እሱ ዘንድ ግን የዋርነርን ያህል ኪስ አልነበረም። ለስምንት ዓመት የሌላ ሰው ገንዘብ ሲፈስለት የኖረ አጥቂ በባለቤትነት ሲቀመጥ፣ ያ ገንዘብ ከሌለ ክለቡ ምን ያህል ሊቆም እንደሚችል በአንድ ዓመት ውስጥ ታየ። በ1984 ቡድኑ ለጥሎ ማለፉ ሳያልፍ ቀረ። ወደ ቤት ውስጥ እግር ኳስ ሊግ ገብቶ 33 ጨዋታ ካደረገ በኋላ በፌብሩዋሪ 1985 አቋርጦ ወጣ። በማርች ወር የሚፈለግበትን የባንክ ዋስትና ባለማስያዙ ከሰሜን አሜሪካው ሊግ ተሰረዘ፤ በወሩ መጨረሻ ሊጉ ራሱ ለመጫወት የተዘጋጁት ሚኒሶታና ቶሮንቶ ብቻ ሆነው ስለቀሩ ሥራውን አቆመ። ላዚዮ የመጣው ኮስሞስ በወዳጅነት ጨዋታዎች ብቻውን ለመኖር ሲሞክር ነው፤ ከዚያ ጨዋታ በኋላ የቀረው መርሐ ግብር ተሰረዘ። ስሙ ከ2010 ወዲህ በተለያዩ ባለቤቶች እጅ ተነሥቷል፤ በ2013፣ በ2015 እና በ2016 በሁለተኛ ደረጃ ሊግ ዋንጫ የወሰደ ቡድን ይዞታል። ያ ግን ሌላ ክለብ ነው።

በኮስሞስ ማልያ በሠሩት ሥራ ብቻ አሥራ አንድ ሰው ቢመረጥ፣ ግቡን የምሰጠው በ1979 ከጀርመን መጥቶ እስከ መጨረሻው ለቆየው ሁበርት ቢርከንማየር ነው፤ ሜሲንግ የሕዝብ ልብ ቢኖረውም የቆይታው ዘመን አጭር ነበር። በተከላካይ መስመር ካርሎስ አልቤርቶ፣ ሮት፣ ኤስካንዳሪያንና ደርገን ይሰለፋሉ። በመሀል ቤከንባወር፣ ቦጊቼቪችና ሮሜሮ፤ ይህ ማለት ኒስኬንስ ከአሥራ አንዱ ውጭ ነው ማለት ሲሆን፣ የሆላንዱን ኒስኬንስ የሚያስታውስ ሰው ይቃወመኛል፤ የኮስሞሱ ኒስኬንስ ግን በጉዳትና በግል ችግር የተከፋፈለ ነበር። ከፊት ኪናሊያ ያለ ክርክር ይገባል። ፔሌም ይገባል፤ በስሙ ሳይሆን በ64 ጨዋታዎች ባስቆጠራቸው 37 ግቦች። አሥራ አንደኛውን ቦታ ካባኛስ በቁጥር ይጠይቀዋል፤ 25 ግቦቹ ግን ከ12 ክለቦች ጋር በተደረገ ውድድር የተገኙ ናቸውና፣ ሊጉ በጠነከረበት ዘመን በፖርትላንድ የፍጻሜውን ጨዋታ የወሰነውን ሀንትን በግራ ክንፍ አሰልፌ ካባኛስን ተቀያሪ አደርገዋለሁ።